አሜሪካ ውስጥ አርኤን (ሙሉ ነርስ) መሆን፦ በየትኛው በር ልግባ፣ ስንት ይከፈላል፣ ከዚያስ ወዴት?

ዲቪ ደርሷችሁ ወይ በቤተሰብ መጥታችሁ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይ ሲያትል ከገባችሁ፣ ሻንጣው ሳይፈታ አንዱ ዘመድ "ነርሲንግ ተማሪ" ወይም "ነርሲንግ ተማር" ማለቱ አይቀርም። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ግን መካሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው እሱ የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የመጣ ልጅ፣ አዲስ አበባ በአካውንቲንግ የተመረቀች ሴትና አገር ቤት ሆስፒታል ስትሠራ የኖረች ነርስ በአንድ በር አይገቡም። በማይሆናችሁ በር ከገባችሁ ዓመታትም ብርም ይበላል። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ነው፣ ምሳሌዎቼ በብዛት ከዲሲ አካባቢ ናቸው፣ ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጅ ነው።

ማን ምንድን ነው፣ ስንትስ ያገኛል?

ሲኤንኤ ታካሚ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ፣ ግፊትና ሙቀት የሚለካ ረዳት ነው። የፌዴራል ሕጉ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይላሉ። ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ለመሥራት ደግሞ ጂኤንኤ የሚባለው የአረጋውያን ረዳት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ኤልፒኤን አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ መድኃኒት ይሰጣል፣ ቁስል ያያል፣ ሥራው በብዛት ነርሲንግ ሆምና ሆም ኬር ነው። አርኤን ሙሉ ነርስ ነው። ታካሚውን ይገመግማል፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ያወጣል፣ ኤልፒኤኑንና ሲኤንኤውን ይመራል።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ባወጣው መረጃ፣ የአርኤን መካከለኛ ክፍያ በዓመት 93,600 ዶላር ነው። መካከለኛ ማለት ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። የኤልፒኤን ወደ 62 ሺህ፣ የሲኤንኤ ከ40 ሺህ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። በሰዓት ሲካፈል 45፣ 30 እና 19 ዶላር ገደማ ይመጣል።

አሁን በሳምንት 60 ሰዓት የሚሠራ ሲኤንኤ እናስላ። 40ው ሰዓት በ19 ዶላር፣ የቀረው 20 ሰዓት በኦቨርታይም አንድ ተኩል እጥፍ፣ ድምሩ 1,330 ዶላር። ሦስት ቀን በቀን 12 ሰዓት የሠራ አርኤን፣ በጠቅላላው 36 ሰዓት፣ 1,620 ዶላር ይዞ ይገባል። አራት ቀን ደግሞ እቤቱ ነው። የእኛ ሰው ብርቱ ሠራተኛ ነው፣ ደብል ሺፍት አይፈራም፣ ሁለት ነርሲንግ ሆም አጣጥሞ ይይዛል፣ የቤት ኪራዩንም አገር ቤት የሚላከውንም ይሸፍናል። ክፋቱ ደብሉ ራሱ ትምህርቱን ይበላዋል። "ትንሽ ላጠራቅምና እገባለሁ" ያለ ሰው አሥር ዓመት ሲያጠራቅም ታገኙታላችሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህቺን ስሌት ያዙልኝ።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ካሊፎርኒያ የአርኤን አማካይ ክፍያ ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ሳውዝ ዳኮታ ግን 70 ሺህ አካባቢ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ ሊይዝ እንደሚችል በሕግ ተገድቧል፣ ተኝቶ መታከሚያ ላይ አምስት፣ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሁለት። ኪራዩን ስታዩት ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

ዲግሪው ሌላ፣ ላይሰንሱ ሌላ

ብዙ ሰው የሚደናገርበት እዚህ ላይ ነው። አርኤን የላይሰንስ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ ስም ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ኤዲኤን የያዘውም፣ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ ቢኤስኤን የያዘውም ኤንክሌክስ የሚባል አንድ ፈተና ይፈተናሉ፣ አንድ ላይሰንስ ይወስዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ማግኔት የሚባል እውቅና ያላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማሉ፣ የነርስ አለቆቻቸውም ቢኤስኤን ሊኖራቸው ግድ ነው። ኒውዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤኖች በአሥር ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን መያዝ አለባቸው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዲግሪ የሌለው ሰው ኤዲኤኑን በርካሽ ይጨርስ፣ አርኤን ሆኖ ሥራ ይያዝ፣ ከዚያ አርኤን ቱ ቢኤስኤን የሚባለውን እየሠራ በኦንላይን ይማር። አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ድጎማ አላቸው፣ ሕጉም በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ ሳይቆረጥበት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በሌላ ሰው ብር መማር እየተቻለ አራቱን ዓመት በሎን መሸፈን ምን ያደርጋል?

በራችሁ የትኛው ነው?

ዲግሪ ከሌላችሁ በራችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ዲሲ አካባቢ ሞንጎመሪ ኮሌጅ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሀዋርድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ በኩል ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አሉ። "ሁለት ዓመት ነው" ሲሏችሁ ግን አትመኑ። ከዋናው ፕሮግራም በፊት የሚወሰዱ ቅድመ ኮርሶች አሉ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ ብዙ ቦታ ስታቲስቲክስ። በሐቅ ሦስት ዓመት ያዙት፤ ከኢኤስኤል (ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርስ) የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ጨምሩበት።

በሌላ ሙያ ዲግሪ ካላችሁ፣ በአካውንቲንግም በባዮሎጂም በሕግም ቢሆን፣ ኤቢኤስኤን የሚባለውን እዩ። የተጨመቀ ቢኤስኤን ነው፣ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተመንፈቅ ይፈጃል። የአገር ቤት ዲግሪያችሁን እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ድርጅት በየኮርሱ ታስገመግማላችሁ፣ የጎደሉትን ቅድመ ኮርሶች ብዙውን ጊዜ እዚሁ ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ ታመለክታላችሁ። ጤና መኮንን የነበራችሁም እዚህ ተመጣጣኝ ላይሰንስ ስለሌለ ይሄኛውን በር በደንብ ተመልከቱት። እንደ ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉት ደግሞ ሌላ ዲግሪ ያለውን ሰው በቀጥታ በማስተርስ ደረጃ ያስገባሉ፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ኤቢኤስኤን እየሠሩ የሚማሩት ዓይነት አይደለም። ቤት ውስጥ ሌላ ገቢ ያለው ሰው ከሌለ ወይም ለዓመት የሚበቃ ጥሪት ካልያዛችሁ አትግቡበት፤ መሀል ላይ መውደቅ ከመዘግየት የባሰ ነው።

አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ፣ በተለይ በዲግሪ የተመረቃችሁ፣ እንደገና ከዜሮ ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁን ወረቀት ፈትሹ። የውጭ ነርሶችን ማስረጃ የሚገመግመው ዋናው ድርጅት ሲጂኤፍኤንኤስ ነው፣ በ2025 ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል። የትኛውን ግምገማና የትኛውን የእንግሊዝኛ ፈተና እንደሚጠይቅ የሚወስነው ላይሰንስ የምታወጡበት ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስቴቱን ምረጡ፣ የቦርዱን ገጽ አንብቡ፣ ብር የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከሆነ ለሥራ ቪዛ የሚጠየቀው ቪዛስክሪን አይመለከታችሁም፣ አንዳንድ ደላላ ግን እሱንም ሊሸጥላችሁ ይሞክራል።

የሚያስለቅሰው ትራንስክሪፕቱ ነው። ገምጋሚው ከዩኒቨርሲቲያችሁ በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል፣ የሙያ ፈቃዳችሁንም ከሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳችሁ ካልተከፈለ ኦፊሻሉ አይወጣም። ገና አገር ቤት ያላችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ኮስት ሼሪንጉን ጨርሱ፣ የኮርስ ዝርዝሩንና የልምምድ ሰዓታችሁን የሚያሳይ ደብዳቤ አውጡ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚከታተል ዘመድ በውክልና አስቀምጡ። የልምምድ ሰዓቱን አደራ፤ በአእምሮ ሕክምና ወይም በሕፃናት ክፍል የሠራችሁት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ካልታየ ቦርዱ "ይጎድላል" ብሎ ይመልሰዋል።

ኤልፒኤን ለሆናችሁ ብሪጅ አለላችሁ፤ ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከኤልፒኤን ወደ አርኤን የሚያሻግር አጭር መንገድ አላቸው። ገና ያልጀመረ ሰው ግን ኤልፒኤንን እንደ ግዴታ ደረጃ አይቁጠረው። የአርኤን ወረፋው ረዝሞ ከሆነ ወይም ቤቱ ቶሎ ገቢ ከፈለገ ይሠራል፣ አለበለዚያ በቀጥታ ግቡ። ሲኤንኤ ግን፣ "ሰው ምን ይለኛል" የሚለውን ትቶ ለሚሠራ፣ ጥሩ መግቢያ ነው። ሥራው እንደሚሆናችሁ ወይም እንደማይሆናችሁ በሁለት ወር ታውቁታላችሁ። ከቻላችሁ ከነርሲንግ ሆም ይልቅ ሆስፒታል ውስጥ ያዙት፤ ስትመረቁ የሚያውቃችሁ አለቃ ይኖራችኋል።

አቋራጭ የሚሸጥላችሁ ሰው ሲመጣ

በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መንግሥት ኦፕሬሽን ናይቲንጌል ብሎ በጠራው ምርመራ፣ ፍሎሪዳ ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት መሸጣቸውን ይፋ አደረገ። ክፍል ሳይገቡ ወረቀት ገዝተው ፈተናውን ያለፉ፣ ሥራም የያዙ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየስቴቱ ላይሰንስ ተነጠቀ። ስለዚህ "ክሊኒካሉን (የሆስፒታል ልምምዱን) ሳትሄዱ እንጨርስላችኋለን" የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ዝጉ። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ፦ የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ፈቅዶለታል? ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ የሚባለው የነርሲንግ ትምህርት መዛኝ ድርጅት እውቅና ሰጥቶታል? ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ሙከራ ፈተናውን በስንት በመቶ ያልፋሉ? ሦስተኛውን ቦርዶቹ ራሳቸው በየዓመቱ ያወጡታል። እውቅና የሌለው ትምህርት ቤት ላይሰንስ ቢያስገኝ እንኳ በኋላ ቢኤስኤን ወይ ማስተርስ ስትጠይቁ በሩ ይዘጋባችኋል።

ብሩ ከየት ይምጣ?

ግሪን ካርድ ካላችሁ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። ፔል ግራንት በ2024–25 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ የማይመለስ ነው፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ አብዛኛውን ክፍያ ይሸፍናል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ላይ ያላችሁ የፌዴራሉን እርዳታ አታገኙም፣ የስቴቱንና የኮሌጁን ጠይቁ። አንድ የሚያናድድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አያገኝም፣ አገር ቤት የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። ፎርሙ ላይ "የለኝም" ማለት ውሸት ነው፣ እንዳትሞክሩት። ለእናንተ የቀረው የፌዴራል ሎንና ስኮላርሺፕ ነው።

የነዋሪነት ዋጋም አለ። ቨርጂኒያ የስቴት ነዋሪ ዋጋ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖር ትጠይቃለች፤ መንጃ ፈቃዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ ታክሱን ከመጀመሪያው ቀን በስማችሁ አድርጉ። እቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣችሁ ኦገስት ወይ ጃንዋሪ ላይ እንዲወጣ ሰብሳቢውን ለምኑት፤ ሴሚስተር የሚከፈለው ያኔ ነው። ስትመረቁ ሎን ካለባችሁ ትርፍ በማያሳድድ ወይም በመንግሥት ሆስፒታል እየሠራችሁ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከፈላችሁ ቀሪው የሚሰረዝበት ፒኤስኤልኤፍ የሚባል ፕሮግራም አለ።

መግቢያውና ትምህርቱ

ነርሲንግ ፕሮግራሞች ከሚቀበሉት በላይ ያመለክትባቸዋል። የሚለየው የቅድመ ኮርስ ውጤትና የመግቢያ ፈተና ነው፤ አንዳንዱ ቲስ፣ አንዳንዱ ሄሲ ይጠይቃል። ቲስ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ነው፤ ሒሳቡ የክፍልፋይና የመቶኛ ነው፣ የኢትዮጵያን ማትሪክ ለተፈተነ ሰው አያስፈራም። የሚጥለን እንግሊዝኛው ንባብና ሰዓቱ ነው። አናቶሚን ሦስት ኮርስ ላይ ደርባችሁ በምሽት ደብል እየሠራችሁ አትውሰዱት። ሲ ይዞ ማለፍ ሌላ ትምህርት ላይ ማለፍ ነው፣ እዚህ ግን መውደቅ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ወረፋው ኤ ባላቸው ይሞላል። ሳይንስ ኮርሶች ደግሞ ጊዜ ያልፍባቸዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤት ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለፈውን አይቀበልም። ተበታትኖ መውሰድ ዋጋ ያስከፍላል።

ከገባችሁ በኋላ ክሊኒካል አለ፤ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል መገኘት፣ አንዳንዴ ቅዳሜና እሁድ። ሠርግና ክርስትና መቅረት ትጀምራላችሁ፣ ዘመድ ይቀየማል፣ ይሁን። ሥራን በሳምንት ከ20 ሰዓት ማሳለፍ አልመክርም። የነርሲንግ ትምህርት ፈተና ላይ አራቱም መልስ ትክክል ይመስላል፣ የሚጠየቀው "መጀመሪያ የቱን ታደርጋለህ?" ነው። እኛ በሽምደዳ ያደግን ሰዎች እዚህ እንንገዳገዳለን፤ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ጥያቄ መሥራት ነው።

ኤንክሌክስ

ከተመረቃችሁ በኋላ ለቦርዱ ላይሰንስ ታመለክታላችሁ፣ አሻራ ትሰጣላችሁ፣ ለፈተናው 200 ዶላር ከፍላችሁ ፒርሰን ቪዩ ማዕከል ትፈተናላችሁ። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ኮምፒውተሩ እንደ መልሳችሁ ጥያቄውን ያከብደዋል ወይ ያቀለዋል፣ በእርግጠኝነት ሲወስን ያቆማል። ስለዚህ በ85 ቆመብኝ ብላችሁ አታልቅሱ፣ 150 ደረሰ ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ አንድን ታካሚ በተከታታይ ጥያቄዎች የምትከተሉበት ኬዝ ስተዲ ተጨምሯል። ከወደቃችሁ ከ45 ቀን በኋላ ትደግማላችሁ።

ተመርቃችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አጥኑና ተፈተኑ፤ "አገር ቤት ደርሼ ልምጣና" ያለ ሰው ይረሳዋል። ዩወርልድ ወይም አርቸር የመሰለ አንድ የጥያቄ ባንክ ያዙ፣ አንዱን ብቻ፣ የተሳሳታችሁትንም ያገኛችሁትንም ማብራሪያ አንብቡ። አምስት መጽሐፍ ደርድሮ አንዱንም አለመጨረስ የተለመደ በሽታችን ነው።

ላይሰንሱን በተመለከተ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብዙ ስቴቶችን ያቀፈው የነርሶች ስምምነት ውስጥ አሉ፤ አንዱ ውስጥ ኖራችሁ መልቲስቴት ላይሰንስ ካወጣችሁ ሌላው ውስጥም ትሠራላችሁ። ዋሺንግተን ስቴት በ2023 ገብታለች። ዲሲ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ የሉበትም። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ዲሲ ያለ ሆስፒታል ከቀጠራችሁ ሌላ ላይሰንስ ታወጣላችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ

ነርሲንግ ሆም አዲስ አርኤን ወዲያው ይቀጥራል፣ ብዙ ጊዜ ሱፐርቫይዘር ብሎ። ክፍያው አይከፋም፣ ስሙም ደስ ይላል። ሆኖም በአንድ ሺፍት የምትመሩት ሰው ብዛትና ኃላፊነቱ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ሆስፒታል ስታመለክቱ ደግሞ "ሆስፒታል ልምድ የለህም" ይባላል፣ አዲስ ተመራቂም አይደላችሁም። የኒው ግራድ ሬዚደንሲ የሚባለውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እየተከፈላችሁ የሚያሠለጥናችሁ ነው፣ ምዝገባው ከመመረቃችሁ ወራት በፊት ይከፈታል። ሜድ ሰርጅ (ተራው ተኝቶ መታከሚያ) ላይ ብትጀምሩ ምንም አይደል፣ አይሲዩ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት።

የሳይን ኦን ቦነስ (ስትቀጠሩ የሚሰጥ ጉርሻ) ሲሰጧችሁ ውሉን አንብቡ። ከቃሉ ዘመን በፊት ከወጣችሁ ገንዘቡን ያስመልሳሉ። የማታና የቅዳሜ እሁድ ጭማሪው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዋናው ዋጋ ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ሆስፒታል በጭማሪው ይለያያል። ፒአርኤን የሚባለው፣ ሲፈለግ ብቻ የሚጠሩበት ሥራ፣ በሰዓት ከፍ ያለ ይከፍላል፣ ግን ኢንሹራንስና የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ኢንሹራንስ ካለ ብቻ።

ከዚያስ?

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በሩ ይበዛል። ትራቭል ነርስ፣ ማለትም ከቦታ ቦታ እየዞሩ መሥራት፣ ብዙውን ጊዜ የ13 ሳምንት ኮንትራት ነው፤ የኮቪድ ጊዜው ዋጋ ወርዷል፣ በዚያ ሒሳብ አታስሉ። የቤት አበሉ ከታክስ ነፃ የሚሆነው ኪራይ የምትከፍሉበት ቋሚ ቤት ሌላ ቦታ ካላችሁ ነው። መቆም የሰለቸው ኬዝ ማኔጅመንት፣ ኢንሹራንስ ቤት፣ ኢንፎርማቲክስ (የሕክምና መረጃ ሥርዓት ሥራ) ይሄዳል። ዳያሊሲስና ኦፕሬሽን ክፍል በየራሳቸው ዓለም ናቸው።

ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ያስፈልጋል፤ መካከለኛው ክፍያ 129 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ያለ ሐኪም ቁጥጥር ይሠራሉ፣ ቨርጂኒያ መጀመሪያ የተወሰኑ ዓመታት ከሐኪም ጋር ያሠራቸዋል። ያለ በቂ የአልጋ ዳር ልምድ ቸኩላችሁ እንዳትገቡ፤ ዲግሪው ይገኛል፣ ቀጣሪው ግን ይጠይቃል።

የደመወዙ ጫፍ ሲአርኤንኤ ነው፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ነርስ። ከ220 ሺህ ዶላር በላይ መካከለኛ ክፍያ አለው። ቢያንስ አንድ ዓመት የአይሲዩ ልምድ ይጠይቃል፣ በፉክክሩ ምክንያት ግን ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ትምህርቱ አሁን ዶክትሬት ነው፣ ሦስት ዓመት ገደማ፣ እየሠሩ አይማሩትም። ይህን የምታስቡ ከሆነ ዝግጅቱ የሚጀምረው ዛሬ በምትወስዱት አናቶሚና ኬሚስትሪ ላይ ነው፤ የሳይንስ ውጤታችሁን ለየብቻ ነጥለው ያዩታል፣ ሲ ያለበትን ኮርስ ከማመልከታችሁ በፊት ደግማችሁ ውሰዱ፣ አይሲዩ ውስጥም ሲሲአርኤን የሚባለውን ሰርተፍኬት ያዙ።